ክኒኑ ገና ከደሙ ሳይወጣ የሚሰጥ ምስክርነት

ኮንፈረንሱ ዓርብ ማታ ይጀምራል፤ እሑድ ከሰዓት በኋላ ያልቃል። ቅዳሜ ማታ ዝማሬው ሲግል እንግዳው አገልጋይ «የሚጥል በሽታ ያለባችሁ ወደ ፊት ኑ» ይላል። ይጸለያል። ከዚያ ሁላችንም የለመድነው ነገር ይከተላል፦ «ክኒኑን ይዛችኋል? አውጡት! ወርውሩት! ከዛሬ በኋላ መዋጥ አለማመን ነው!» ላስቲኩ መድረክ ላይ ይወረወራል፤ ጉባኤው በእልልታ ይናወጣል። በማግሥቱ እሑድ ያው ወጣት ማይክ ይዞ ይመሰክራል፦ «ሌሊቱን ያለ ክኒን አደርኩ፤ ምንም አልሆንኩም!» ሃሌ ሉያ ይባላል። ሰኞ ጠዋት ቪዲዮው ዩቲዩብ ላይ ነው።

ወጣቱ አልዋሸም። ሌሊቱን ሳይወድቅ አድሯል። ነገር ግን የተናገረው ስለ ፈውስ የሚመሰክር ነገር አይደለም፤ ምክንያቱም ማይኩን ይዞ በቆመበት ሰዓት መድኃኒቱ ገና ደሙ ውስጥ ነበር። ሰኞም አለ፤ ረቡዕም አለ። መድረኩ ሲፈርስ፣ ባነሩ ሲወርድ፣ እንግዳው አገልጋይ ወደ ሌላ ከተማ ሲበር፣ ክኒኑ ሥራውን አላቆመም። ይህ የእኔ አስተያየት አይደለም፤ የሂሳብ ጉዳይ ነው፤ ወደ ሂሳቡም እመጣለሁ። አስቀድሞ ግን ጌታ ይህን አንጎላችንን እንዴት አድርጎ እንደ ሠራው ትንሽ ማየት ያስፈልጋል፤ በመዝሙር 139 «ግሩምና ድንቅ» የሚለውን አሳብ በየሠርጉና በየልደቱ የምንጠቅስ ሰዎች ዝርዝሩን ለማየት ትዕግሥት ልናጣ አይገባም።

አንጎላችን ውስጥ 86 ቢሊዮን የሚያህሉ የነርቭ ሴሎች አሉ። እንደ መብራት ሽቦ ጫፍ ለጫፍ ተቋጥረው የተያያዙ ይመስሉን ይሆናል፤ አብዛኞቹ ግን አይነካኩም። በሁለቱ መካከል እጅግ ጠባብ ክፍተት አለ። አንድ ሚሊ ሜትር ለ50,000 ቢከፈል አንዱ ክፋይ ያህል ነው። ይህ መገናኛ ሲናፕስ ይባላል። በሴሉ ውስጥ እየሮጠ የመጣው የኤሌክትሪክ ምልክት እዚህ ጠርዝ ላይ ደርሶ ይቆማል። ወደ ማዶ የሚሻገረው ኬሚካል ነው። ጠርዙ ላይ በጥቃቅን ከረጢቶች ተሞልቶ የሚጠብቅ መልእክተኛ አለ፤ ምልክቱ ሲደርስ ይለቀቃል፤ ክፍተቱን ያቋርጣል፤ ማዶ ባለው ሴል ላይ ልክ ለእርሱ የተሠራ ተቀባይ ያገኛል፤ ቁልፍ በጓጉንቸር እንደሚገባ ይገባና በር ይከፍታል። ሥራውን ሲጨርስ ወይ ተመልሶ ይሰበሰባል፣ ወይ እዚያው ይፈርሳል። ባይሰበሰብ በሩ እንደ ተከፈተ ይቀራል፤ መልእክት ሁሉ ጫጫታ ይሆናል።

ይህን መልእክተኛ በሙከራ ያሳየው በኦስትሪያ ግራትስ ከተማ ይሠራ የነበረው ኦቶ ሎዊ ነው። ታሪኩ ሕልም ለሚወድ ጉባኤያችን የተሠራ ነው የሚመስለው። እርሱ ራሱ በኋላ እንደ ተረከው፣ በፋሲካ ሰሞን አንድ ሌሊት ሙከራውን በሕልሙ አየ፤ ነቅቶ በቁራጭ ወረቀት ጫረ፤ ሲነጋ የገዛ ጽሕፈቱን ማንበብ አቃተው። በሚቀጥለው ሌሊት ሕልሙ ተመልሶ መጣ። በዚህ ጊዜ አልጻፈም፤ ተነሥቶ በሌሊት ወደ ቤተ ሙከራው ሄደ። ሁለት የእንቁራሪት ልቦች ወሰደ። የአንደኛውን ልብ ምት የሚያዘገየውን ነርቭ በኤሌክትሪክ ነካካ፤ ልቡ ቀስ አለ። ከዚያ ልቡ የተነከረበትን የጨው ውኃ ወስዶ ነርቭ በሌለው በሁለተኛው ልብ ላይ አፈሰሰ። ሁለተኛውም ቀስ አለ። ማንም ያልነካው ልብ! ስለዚህ ነርቩ ያስተላለፈው ነገር በውኃው ውስጥ ነበር ማለት ነው። ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1921 አሳተመ፤ መልእክተኛው በኋላ አሴቲልኮሊን መሆኑ ታወቀ፤ በ1936 ከእንግሊዛዊው ከሄንሪ ዴል ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበለ።

ሰውየው ሕልም አየ። ሕልሙን ግን መድረክ ላይ ይዞ አልወጣም። ተነሥቶ ፈተነው። ጳውሎስ በ1ኛ ተሰሎንቄ 5፥21 ሁሉን ፈትኑ ያለው ለእኛ ነበር፤ እኛ ግን መፈተንን ለእንቁራሪት ሐኪሞች ትተንላቸዋል።

ወደ ሚጥል በሽታ ልመለስ። በአንጎል ውስጥ ብዙ ዓይነት መልእክተኞች ቢኖሩም ሥራውን በዋናነት የሚሸከሙት ሁለት ናቸው። ግሉታሜት የሚባለው ነዳጅ ነው፦ ማዶ ያለውን ሴል ያነቃቃል፤ «አንተም ተናገር» ይለዋል። ጋባ የሚባለው ፍሬን ነው፦ የራሱን በር ከፍቶ ክሎራይድ የሚባለውን የጨው ቅንጣት ወደ ሴሉ ያስገባል፤ ሴሉም ጸጥ ይላል። እያንዳንዱ አሳብ፣ እያንዳንዱ እርምጃ፣ አሁን ይህን መስመር የምታነቡበት የዓይናችሁ እንቅስቃሴ ሳይቀር የእነዚህ የሁለቱ ሚዛን ነው። የሚገርመው ደግሞ ይህ ነው፦ አንጎል ፍሬኑን የሚሠራው ከነዳጁ ነው። አንድ ኢንዛይም ግሉታሜትን ይወስድና ጥቂት ነገር ቆርጦለት ጋባ ያደርገዋል። ለዚህ ሥራ ቫይታሚን ቢ6 ያስፈልገዋል።

ሚዛኑ ሲናጋ ምን ይሆናል? ጤናማ አንጎል እንደ መልካም መዘምራን ነው፤ አንዱ ሲዘምር ሌላው ዝም ይላል፤ ሶፕራኖው ገብቶ ባሱ ይወጣል። የሚጥል በሽታ ሲነሣ ሁሉም ሴሎች በአንድ ጊዜ፣ በአንድ ምት፣ ሳያቋርጡ ይጮኻሉ። ሰውዬው ይወድቃል፣ ይደርቃል፣ ይንቀጠቀጣል፣ አረፋ ይደፍቃል። ምክንያቱ ብዙ ነው፦ በወሊድ ጊዜ የደረሰ ጉዳት፣ ማጅራት ገትር፣ የጭንቅላት ስብራት፣ ወደ አንጎል የገባ የኮሶ ትል እጭ፣ ዕጢ፣ በዘር የሚወረስ ነገር፤ የብዙዎቹም ምክንያት ሳይገኝ ይቀራል። መንገዱ ግን ያው ነው፤ ነዳጁ በረታ፣ ፍሬኑ ላላ።

እዚህ ላይ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ የሆነውን ልንገራችሁ። ከዚያ በፊት ጤነኛ የነበሩ ሕፃናት ድንገት መንቀጥቀጥ ጀመሩ። ሲመረመር ሁሉም የሚመገቡት አንድ ዓይነት የተዘጋጀ የሕፃናት ወተት ሆነ። ወተቱ ሲዘጋጅ ያለፈበት ሙቀት ቫይታሚን ቢ6ን አጥፍቶት ነበር። ቢ6 ከሌለ ጋባ አይሠራም፤ ጋባ ከሌለ ፍሬን የለም። ቫይታሚኑ ሲሰጣቸው መንቀጥቀጡ ቆመ። አሁን እነዚያን ሕፃናት ወደ አንዳንዶቹ መድረኮቻችን አምጧቸው እስቲ። ስንት ስም ያለው መንፈስ ይጠራባቸው ነበር? ስንት እናት «በማሕፀንሽ የገባ የአያትሽ ቃል ኪዳን ነው» ትባል ነበር? የጎደለው ግን ከጥቂት ሚሊግራም የማይበልጥ ቫይታሚን ነው።

በአገራችን ጤና ጣቢያዎች ለሚጥል በሽታ በብዛት የሚሰጠው ፌኖባርቢታል ነው። አሮጌ መድኃኒት ነው፤ ለዚህ በሽታ እንደሚያገለግል ጀርመናዊው ሐኪም አልፍሬድ ሃውፕትማን ያሳወቀው እ.ኤ.አ. በ1912 ነው። ርካሽ ነው፤ በቀን አንዴ ማታ ይዋጣል፤ እንቅልፍ እንቅልፍ ማለቱ ግን እውነት ነው። ሥራው ምንድን ነው? ጋባን አይተካም። ጋባ የከፈተውን በር ቶሎ እንዳይዘጋ ይይዘዋል። ፈጣሪ ያስቀመጠውን ፍሬን የሚያግዝ እጅ ነው እንጂ ሌላ ፍሬን አይደለም። ይህን የምለው ክኒን በዋጡ ቁጥር እግዚአብሔርን የከዱ ለሚመስላቸው ወገኖቼ ነው። የምትውጡት ነገር የሚሠራው እርሱ በሠራው በር ላይ ነው።

አሁን ወደ ሂሳቡ። ፌኖባርቢታል ከሰውነት የሚወጣው እጅግ ቀስ ብሎ ነው። በአዋቂ ሰው ደም ውስጥ ያለው መጠን በግማሽ ለመቀነስ በአማካይ ሦስት ቀን ከግማሽ ገደማ ይፈጅበታል፤ በአንዳንዱ ሰው ፈጠን፣ በአንዳንዱ ዘግየት ይላል። ወጣታችን የመጨረሻ ክኒኑን ዓርብ ማታ ዋጠ እንበል። ቅዳሜ ማታ ወረወረው። እሑድ ጠዋት «ምንም አልሆንኩም» ሲል ከመድኃኒቱ አብዛኛው አብሮት መድረክ ላይ ቆሟል። ማክሰኞ ገና ግማሹ አለ። በሚቀጥለው ዓርብ ሩብ ያህሉ አለ። ጨርሶ ወጣ የምንለው ከሁለት ሳምንት በላይ ቆይቶ ነው። ስለዚህ ኮንፈረንሱ ስንት ቀን ቢቆይ ነው ምስክርነቱ እውነት መሆኑ የሚታወቀው? የትኛውም ኮንፈረንስ ያን ያህል አይቆይም። እንግዳው አገልጋይ ፍሬውን ሳያይ ይሄዳል። ባለማወቅ ከሆነ ማወቅ አለበት፤ አውቆ ከሆነ ግን በወገኖቼ ልጆች ሕይወት ላይ እየተጫወተ ነው።

በዚህ ላይ ሌላ ነገር ጨምሩ። ብዙ ሕመምተኞች በየቀኑ አይወድቁም። በሁለት ወር አንዴ የሚወድቅ ሰው ከጸሎቱም ከክኒኑም ውጭ አንድ ወር በሰላም ሊቆይ ይችላል። የአንድ ወር ሰላም ለዚህ ሰው ፈውስ መሆኑን አያሳይም።

ከሁሉ የከፋው ግን ገና አልተነገረም። ለዓመታት በዚህ መድኃኒት የኖረ አንጎል ራሱን ከእርሱ ጋር አስማምቷል። ፍሬኑ እገዛ ስላለው ተቀባዮቹ አደብ ገዝተዋል። እገዛውን በአንድ ቀን ስትነጥቁት አንጎሉ ወደ ቀድሞ ቦታው አይመለስም፤ ከቀድሞው ወደ ባሰ ቦታ ይወድቃል። ዳገት ላይ ፍሬን ይዞ የቆመ መኪና ፍሬኑ በድንገት ሲለቀቅ የሚሆነውን አስቡ። በሕይወቱ ሁለት ደቂቃ ብቻ ተንቀጥቅጦ የሚነሣ ሰው፣ መድኃኒት በድንገት ካቆመ በኋላ ሳያባራ ግማሽ ሰዓት ሊንቀጠቀጥ ይችላል። ይህ ይገድላል። ከሞት ቢተርፍ አንጎልን ይጎዳል። ሐኪሞች ራሳቸው ይህን መድኃኒት ለማቆም ሲወስኑ ቢያንስ ሁለት ዓመት ሳይወድቅ የቆየ ሰው ይፈልጋሉ፤ ያንንም በወራት ጊዜ ውስጥ መጠኑን ጥቂት በጥቂት እየቀነሱ ነው። በአንድ «አሜን» አይደለም።

አንዲት እናት አውቃለሁ። ልጇ ክኒኑን እንዲህ ባለ ስብሰባ ላይ ጣለ። እርሷም አብራ አለቀሰች፤ ደስ ብሏት። ከ11 ቀን በኋላ ልጁ ጓዳ ውስጥ ምድጃው አጠገብ ወደቀ። እጁ እስከ ክርኑ ተቃጠለ። በፖስተሩ ላይ ወደ ነበረው ስልክ ስትደውል «አገልጋያችን ለአገልግሎት ውጭ አገር ናቸው» ተባለች። በኅብረቷ ያሉ እህቶች ደግሞ ምን አሏት? «ፈውሱን አልጠበቃችሁትም።» ልብ በሉ፤ ልጁ ቢድን ክብሩ የአገልጋዩ ነበር፤ ሲወድቅ ጥፋቱ የእናትየው ሆነ። እንዲህ ያለ ሂሳብ በየትኛው መጽሐፍ ቅዱስ ነው ያለው?

በማርቆስ 9 ላይ ያለው አባት ስለ ልጁ የነገረውን አስታውሱ። ብዙ ጊዜ ወደ እሳትና ወደ ውኃ ይጥለው ነበር። ይህን ኢትዮጵያዊ አንባቢ በማስታወሻ መጽሐፍ ተመርቶ መረዳት አያስፈልገውም። ክፍት ምድጃ ባለበት ቤት፣ ወንዝ ወርዶ ውኃ በሚቀዳበት መንደር፣ መውደቅ ማለት ይህ ነው። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና የሥራ ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ ገጠር ቤት ለቤት ያደረጉት ጥናት እ.ኤ.አ. በ1990 ሲታተም፣ ከ1,000 ሰው 5.2 ያህሉ የሚጥል በሽታ እንዳለባቸው አሳይቷል። ከእነዚህ መካከል ተገቢውን መድኃኒት ያገኙት ከመቶ ሁለት እንኳ አይሞሉም ነበር። ክኒኑ ጤና ጣቢያ ድረስ እንዲመጣ፣ ነርሶች እንዲሠለጥኑ፣ ሰዎች በሽታው በመነካካት አይተላለፍም ብለው እንዲያምኑ ስንት ዓመት ተለፋ! እኛ ደግሞ ያ ሁሉ ተለፍቶበት እጃቸው የገባውን መድረክ ላይ እንዲጥሉት እናደርጋለን።

«ታዲያ ይህ ልጅ እኮ መንፈስ ነበረበት፤ ኢየሱስም አስወጣው» የሚል አለ። አዎን፤ ማርቆስ 9ን አምናለሁ፤ ከቃሉ ላይ አንዲት ፊደል አልቀንስም። ግን ሙሉውን እናንብብ። ማቴዎስ በ4፥24 ወደ ጌታ የመጡትን ሲዘረዝር አጋንንት ያደረባቸውን አንድ ወገን፣ በጨረቃ ይነሣባቸዋል ይባሉ የነበሩትን ሌላ ወገን፣ ሽባዎችን ደግሞ ሌላ ወገን አድርጎ ነው። ያ በጨረቃ የሚነሣ የሚባለው በሽታ በ17፥15 ለዚያው ልጅ የተሰጠው ስም ነው። እንግዲህ አንድ ቃል፣ አንድ ጸሐፊ፤ በአንዱ ቦታ መንፈስ ከኋላው አለ፣ በሌላው ቦታ ከአጋንንት ተለይቶ ተቆጥሯል። መጽሐፉ ራሱ ለይቶ እያለ ሁሉን በአንድ ጆንያ የከተተው ማን ነው? «አንዳንዱ» ከሚለው ተነሥቶ «ሁሉም» ወደሚለው መዝለል ቃሉን ማክበር አይመስለኝም።

ደግሞም ያ ምዕራፍ እኛ በምንጠቀምበት መንገድ አይጠቅመንም። ልጁ ሲጸለይለት ሳይድን የቀረበት ሰዓት ነበር፤ የጸለዩት ደቀ መዛሙርቱ ነበሩ። አልቻሉም። ጌታ ሲመጣ ማንን ገሠጸ? ልጁን አላለም። ደቀ መዛሙርቱ በጓዳ ለምን አልቻልንም ብለው ሲጠይቁት የመለሰላቸው ስለ ራሳቸው ነው። አባትየው ደግሞ እምነቱ ግማሽ መሆኑን በአደባባይ አልቅሶ ተናገረ፤ ጌታ በዚያችው ግማሽ እምነቱ ላይ ልጁን ፈወሰለት። ዛሬ ያ አባት ወደ አንዳንድ ስብሰባዎቻችን ቢመጣ «እምነትህን አስተካክል» ተብሎ ከሰልፉ ይወጣል። ሳይፈወስ ሲቀር ጥፋቱ ወደ አገልጋዩ የሚሄድበትን ምዕራፍ ወስደን ሕመምተኛውን መምቻ አደረግነው።

ሁለተኛው ነገር ለምጽ ነው። ጌታ ለምጻሞቹን ሲፈውስ «ሄዳችሁ ራሳችሁን ለካህን አሳዩ» አላቸው (ማር. 1፥44፤ ሉቃ. 17፥14)። ለምን? ሕጉ ውስጥ ማን ነጻ እንደ ሆነ የሚመረምር፣ የመመርመር ሥልጣን የተሰጠው ካህኑ ነበረ። ዘሌዋውያን 13ን ያነበበ ሰው የምርመራውን ቀስታ ያውቃል። ካህኑ ያያል፤ ሰባት ቀን ይለየዋል፤ እንደገና ያያል፤ አሁንም ካልለየለት ሌላ ሰባት ቀን ይጠብቃል። ድምሩ 14 ቀን። ከፌኖባርቢታል ሂሳብ ጋር እንዲህ መቀራረቡ ያስቀኛል፤ ምስጢር አላወጣበትም፤ ቁጥር ፈቺዎችም አደራ እንዳትጀምሩት። እኔ የምለው ይህን ያህል ነው፦ እግዚአብሔር ራሱ ለሕዝቡ በሰጠው ሥርዓት ውስጥ «ነጻሁ» ማለትና ነጻ መሆን በጊዜና በምርመራ መካከል ይለያሉ። የእግዚአብሔር ልጅ የፈወሰውን ሰው ለምርመራ ከላከ፣ እኛ ማን ሆነን ነው ምርመራን አለማመን የምንለው? እውነተኛ ፈውስ ምርመራን አይፈራም። ምርመራን የሚፈራው የእሑዱ ቪዲዮ ነው።

«አንተ በፈውስ አታምንም» የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። አምናለሁ፤ እጸልያለሁም። የጸለይኩለት ሰው ሲድን አይቻለሁ፤ የጸለይኩለት ሰው ሲሞትም ቀብሬያለሁ። ጳውሎስ የብዙዎችን በሽታ እጁን ጭኖ ፈውሷል፤ ጥሮፊሞስን ግን ታሞ በሚሊጢን ትቶት ሄደ (2ኛ ጢሞ. 4፥20)። ለጢሞቴዎስ ሆድ ጥቂት ወይን አዘዘለት እንጂ «ወርውረው» አላለውም (1ኛ ጢሞ. 5፥23)። ለሕዝቅያስ 15 ዓመት ዕድሜ በነቢይ አፍ ተጨመረለት፤ ያው ነቢይ በቁስሉ ላይ የበለስ ጥፍጥፍ እንዲደረግ አዘዘ (ኢሳ. 38፥21)። ትንቢቱና መድኃኒቱ ከአንድ አፍ ወጡ። እንደ እኛ ዘመን አገልጋይ ቢሆን ኖሮ ኢሳይያስ ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር ባፈረበት ነበር።

ስለ ሚጥል በሽታ ብዙ አልኩ እንጂ ነገሩ በዚህ አያቆምም። ለከባድ ድብርት፣ ለአእምሮ ሕመም መድኃኒት የሚወስዱ ወንድሞችና እህቶች ላይ የሚደርሰውም ይኸው ነው፤ የቀን መቁጠሪያው ብቻ ይረዝማል። ድምፅ ይሰማው የነበረ ወንድም መድኃኒቱን ጥሎ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ደህና ሊመስል ይችላል። ሲመለስበት የጸለየለት ሰው ስሙን ረስቶታል። በነገራችን ላይ በሌላው ጫፍ ያሉትም አያስደስቱኝም። ሰሞኑን «ዶፓሚን» እና «ሴሮቶኒን» የማይጠራበት የወጣቶች ስብከት ብርቅ ሆኗል፤ ሴሮቶኒን ደስታ፣ ዶፓሚን ኃጢአት ይመስል። አብዛኛው የሰውነታችን ሴሮቶኒን ያለው አንጀት ውስጥ መሆኑን እነዚህ ሰባኪዎች ቢያውቁ ስብከቱ ምን ይመስል ነበር? ዶፓሚን ደግሞ በፓርኪንሰን የሚንቀጠቀጡ አዛውንቶቻችን እጅና እግር እንዲታዘዛቸው የሚያስፈልጋቸው መልእክተኛ ነው፤ ሱስ ብቻ አይደለም። ድብርትም «ሴሮቶኒን አንሶህ ነው» ተብሎ በአንድ ቃል የሚዘጋ ነገር አይደለም፤ ሐኪሞች ራሳቸው ይህን ቀላል ታሪክ ትተውታል። መድኃኒቱ ግን ለብዙዎች ይጠቅማል፤ እርሱም ሲቆም ቀስ ተብሎ ነው።

ለጉባኤ አስተናጋጆችና ለሽማግሌዎች የምጠይቀው ጥቂት ነው። ከሚጥል በሽታ ተፈወስኩ የሚል ሰው ማይክ ከመያዙ በፊት «ክኒን መጨረሻ የዋጥከው መቼ ነው?» ተብሎ ይጠየቅ። ቀን ይመዝገብ፤ ስልኩ ይያዝ። መድኃኒቱን እየወሰደ ጌታን ያመስግን፤ ማመስገን ክኒን መጣል አይፈልግም። ምስክርነቱ ከስድስት ወር በኋላ፣ ከሚከታተለው ሐኪም ጋር ተነጋግሮ ይቅረብ። ይህ ፈውስ የሚከለክል ሕግ ከመሰላችሁ ዘሌዋውያን 13ን ደግማችሁ አንብቡ። መድረክ ላይ «ክኒን ጣሉ» ያለ እንግዳ ደግሞ ማይኩ እዚያው ይቀበለው፤ የሽማግሌ ሥራ ወንበር ማሞቅ ብቻ አይደለም። ስሙንና የስልክ ቁጥሩን ለታማሚው ቤተሰብ ይተው፤ በ11ኛው ቀን ሌሊት ሲደወል እንዲያነሣው።

በጉባኤ መካከል ሰው ከወደቀ ጎኑን ይዛችሁ አስተኙት፤ ከራሱ ሥር ነጠላ አድርጉ፤ ሹል ነገር ከአጠገቡ አንሡ። አፉ ውስጥ ማንኪያም ጣትም አታስገቡ፤ ክብሪት አታሽትቱት፤ አትጫኑት። ሰዓት እዩ። አምስት ደቂቃ ካለፈ ጸሎቱን በመኪና ውስጥ ቀጥሉ፤ ወደ ሆስፒታል እየሄዳችሁ።

ይህን እያነበባችሁ ያላችሁ፣ ክኒናችሁን ባለፈው ቅዳሜ ወይም ባለፈው ወር የጣላችሁ ካላችሁ፣ አትሸማቀቁ፤ ያመለጣችሁን በአንዴ ለማካካስም ድርብ አትዋጡ። ነገ ሳትሉ ካርዳችሁን ይዛችሁ መድኃኒቱን ወደ ሰጣችሁ ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ መጨረሻ የዋጣችሁበትን ቀን በትክክል ንገሯቸው። እስከዚያ ድረስ ብቻችሁን አትሁኑ፤ ምድጃ አጠገብ አትቀመጡ፤ ወንዝ አትውረዱ።